የማማው ዘበኛና ትንሹ ጠመንጃ

አገራችን አዳኝን የምታከብር አገር ናት። አንበሳ የገደለ ፎክሯል፤ ዝሆን የጣለ ተሸልሟል፤ ጎሽ የገደለም በየድግሱ ስሙ እየተነሣ ተዘፍኖለታል። የግዳይ ወግ ከነፉከራውና ከነቀረርቶው ለትልቅ አውሬ የወጣ ወግ ነው። የዱር አሳማ ገድሎ የፎከረ ጀግና ግን እስካሁን አልሰማንም፤ ዝንጀሮ ሲያባርር የዋለም «ገዳይ!» ተብሎ አልተወደሰም። ሆኖም በዛሬው ጊዜ የገበሬውን ጎተራ ባዶ የሚያስቀረው አንበሳ ወይም ዝሆን ሳይሆን ይኸው ማንም የማይፎክርበት አውሬ ነው። ስለዚህ ክብሩ በአንድ በኩል፣ ጉዳቱ በሌላ በኩል ቀርቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ነገሮች እንነጋገራለን። አንደኛው በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች አካባቢ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሁለተኛው ይህን ሰው ይረዳዋል ተብሎ የሚታሰበው፣ ወዳጆቹም በየአገሩ የሚያሞግሱት፣ አፈ ሙዙ ጠባብ የሆነው ትንሹ ጠመንጃ ነው። ሐሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ትንሹ ጠመንጃ በሥርዓት ከተያዘ ቦታ አለው እንላለን፤ ገበሬውን የሚያድነው ግን ጠመንጃው ሳይሆን የጥበቃው ሥርዓት ነው። ይህንንም በሚከተለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ሸቤ የሚጓዝ መንገደኛ የሚያየው አገር እንዲህ ያለ ነው። ሰሳ፣ ዋንዛና ብሳና ቡናውን በጥላቸው ሥር ይዘው ቆመዋል፤ ከቡናው ቀጥሎ የበቆሎ ማሳ፣ ከማሳው ቀጥሎ ጎጆው ከነእንሰቱ፣ ከጎጆው ማዶ ደግሞ እንደገና ጫካ ይታያል። ማሳና ጫካ እንዲህ ተያይዘው መገኘታቸው ለዓይን ያማረ፣ ለቡናም የተመቸ ነው። ችግሩ ለአውሬም የተመቸ መሆኑ ላይ ነው። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ በመንጋ ይመጣሉ፤ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይገባሉ፤ ከመሬት በታች ደግሞ ፍልፈል የእንሰቱን ሥር ይበላል። ዝንጀሮ እሸቱን እየሸለቀቀ ግማሹን በልቶ ግማሹን ይጥላል፤ አሳማ በበኩሉ አገዳውን ሰብሮ ማሳውን ረግጦ ይሄዳል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ሌሊት ሊጎድል ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ገበሬው በማሳው መካከል ማማ ይሠራል። ቀኑን ልጆቹ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ዝንጀሮውን ይጠብቃሉ፤ ሌሊቱን አባትየው እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየመታ፣ እየጮኸ አሳማውን ሲያባርር ያድራል። ጠዋት እንቅልፍ ሳይጠግብ ወደ እርሻው ይሄዳል። ይህ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። በቆሎው እሸት ከሚይዝበት ጊዜ አንሥቶ ተሰብስቦ ጎተራ እስኪገባ ድረስ የሚቀጥል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። እሸቱ ደርሶ ጥበቃው የሚጠነክርበት ወራት ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ነው። መስከረም ሲጠባ ደወሉ ይደወላል፤ በማማው ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን ደወሉን ከሩቅ ይሰማል እንጂ አይሄድም። ከዚያም የቡናው ለቀማ ይደርሳል፤ ልጁም ከማማ ወርዶ ወደ ቅርጫት ይዛወራል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ፈጥረን አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኦሪክስ በተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ መጽሔት ላይ ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የወጣ አንድ ጥናት፣ በጫካ አጠገብ ባሉ መንደሮች ሰብልን በዋናነት የሚያጠፉት ዝንጀሮና የዱር አሳማ መሆናቸውን ገልጿል። ከዚህም በላይ ጉዳቱ በጠፋው እህል ብቻ እንደማይቆም አመልክቷል። ጥበቃው የገበሬውን ጉልበት ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የልጆቹን ትምህርት ያሰናክላል፤ ደግሞም ገበሬው አዲስ የእርሻ ዘዴ ለመያዝ ያለውን ፍላጎት ያዳክማል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ምርጥ ዘር ዘርቶ፣ ፍሬውን ለዝንጀሮ የሚያስረክብ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ግዛ ቢሉት አይሰማም። የግብርና ሠራተኛው ይህን ሰው «ኋላ ቀር» ብሎ ከመውቀሱ በፊት ማማው ላይ አንድ ሌሊት አብሮት ቢያድር መልካም ነው።

ሌላም መዘዝ አለው። ገበሬው ጫካውን የጠላቱ መጠለያ አድርጎ ማየት ከጀመረ ዛፉን መቁረጥ መፍትሔ ይመስለዋል። ይህ ደግሞ ለጅማ ብቻ ሳይሆን ለመላው ዓለም የሚያሳስብ ነገር ነው። የዓረብ ቡና የሚባለው ዝርያ ዘር ማንዘሩ ያለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ አገራችን ጫካ ውስጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በጅማ የመልኮ የምርምር ጣቢያ ሊቃውንት በሽታውን የሚቋቋሙትን ዝርያዎች መርጠው ለገበሬው ያደረሱት ከሌላ አገር አስመጥተው ሳይሆን ከዚሁ ካገሩ ቡና መካከል ነው። እንግዲህ ዝንጀሮውን ለማባረር ሲባል ጫካው ቢጠፋ የሚጠፋው ዝንጀሮው ብቻ አይደለም። የቡናችን መድኃኒት ቤትም አብሮ ይዘጋል።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ።

በአሜሪካን አገር ሰብልና ከብት የሚያጠፉ ትንንሽ አውሬዎችን «ቫርሚንት» ይሏቸዋል። እነዚህን በማደን የታወቁ፣ ስለ ጠመንጃቸውም ሲያወሩ የማይሰለቹ ብዙ ሰዎች አሉ። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ አገር፣ ከዚያም የጠመንጃው ዓይነትና የአፈ ሙዙ ስፋት ይነገራል፤ ሌላው ወሬ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጌራው የማማ ዘበኛ በዚያ ጉባኤ ላይ ቢገኝ «ስሜ እገሌ፣ አገሬ ጌራ፣ መሣሪያዬ ወንጭፍና ቆርቆሮ፣ ጠላቴ ዝንጀሮ» ይል ነበር። ፈረንጆቹ ይሥቁ ይሆናል። ነገር ግን እነርሱ ለመዝናኛ ቅዳሜና እሁድ የሚሠሩትን እርሱ ለእንጀራው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ነውና፣ ከሁሉ የበለጠው አዳኝ እርሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የጠመንጃ ፍቅር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ለጠመንጃ ሁሉ ስም አውጥተውለታል። የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ «ለበል»ን ለበን፣ የኦስትሪያውን «ማንሊኸር» ምንሽር ብለው ወደ ቋንቋችን አስገቧቸው። የውጅግራ አፈ ሙዝ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ጭሱም ተኳሹን ይሸፍነው ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው ለበን ጭስ በሌለው ባሩድ እየሠራ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ወረደ። ዛሬ በየገጠሩ የታወቀው ክላሽ 7.62 ነው። እንዲህ እያለ ጠመንጃ በየዘመኑ አፈ ሙዙ እየጠበበ፣ ጥይቱ እየፈጠነ መጥቷል።

ከሁሉ ጠባብ ከሆኑትና በዓለም እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ፈረንጆች በኢንች ለክተው «ሃያ ሁለት» የሚሉት፣ በእኛ ልክ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነው ጠመንጃ ነው። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ጥይት የወጣው በ1857 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ረዥሙ ዓይነት ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። እርሳሱ 2.6 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። የክላሽ ጥይት ጉልበት ከእርሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። ወዳጆቹ የሚያሞግሱት ስለዚህ ነው፤ ጥይቱ ርካሽ ነው፤ ትከሻን አይመታም፤ ድምፁ መንደሩን አያሸብርም፤ ከሁሉም በላይ ተኳሹን ጠንቃቃ ያደርገዋል። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ጥይት ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው መካከለኛ ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከ50 ሜትር ርቀት የአንዲት ሽምብራ ያህል ቦታ ለመምታት ትንፋሽን መግታት፣ ምላጭን ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከሁሉም በፊት መታገሥ ያስፈልጋል። ይህን መውደድ ነውር የለበትም፤ የተኩስ ጥበብ በመሠረቱ የትዕግሥት ትምህርት ነውና።

ሆኖም ወዳጅነት ዕውር መሆን የለበትም። ስለ ትንሹ ጠመንጃ ሦስት ነገሮችን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

አንደኛ፣ «ትንሽ» የሚለው ቃል ያታልላል። ይህች ቀላል እርሳስ ወደ ላይ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። በጅማ ዙሪያ ደግሞ ከማሳው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ ቡና ለቃሚ፣ ሌላ ማማ አለ። በዛፍ ላይ ባለ ጦጣ ላይ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ የት እንደሚወድቅ አያውቅም። አፈ ሙዙ ጠባብ የሆነ ሁሉም ለስላሳ አይደለም። ቫርሚንት አዳኞች እጅግ የወደዱት፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣ «ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ሬሚንግተን» የሚባል ጥይት አለ፤ ከእርሱ ተሻሽሎ የተሠራው ጥይት ዛሬ በብዙ አገር ሠራዊት እጅ ያለው 5.56 ነው። ለጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ የታሰበው ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጦር ሜዳ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ለትንሽ አውሬ የሚበቃው ለትልቁ አይበቃም። የዱር አሳማ ቆዳው ወፍራም፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ ወንድ ዝንጀሮም ጉልበተኛ ነው። በ«ሃያ ሁለት» የተመታ አሳማ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ለቀናት እየተሠቃየ ይሞታል፤ ወይም በማግሥቱ ማገዶ ለመልቀም የወጣች ሴት ላይ ይዞራል። አውሬን መግደል አስፈላጊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አቁስሎ መተው ግን ጭካኔም አደጋም ነው።

ሦስተኛ፣ ሕግ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ያዛል። «ለዝንጀሮ ነው የገዛሁት» ማለት ከሕግ አያድንም። ሊያድንም አይገባውም፤ ለዝንጀሮ ተብሎ የተገዛ ጠመንጃ የድንበር ጠብ በተነሣ ዕለት ወዴት እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን።

ጠመንጃ ብቻውን ተባይን እንደማያሸንፍ ሌሎች አገሮች በራሳቸው ኪሳራ ተምረውታል። በ1932 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ ኢሙ የሚባሉ ሰጎን መሰል ወፎች የስንዴውን ማሳ ባጥለቀለቁት ጊዜ፣ መንግሥት ወታደሮችን ሁለት መትረየስና 10 ሺህ ጥይት አስይዞ ላከባቸው። ወፎቹ በትንንሽ ቡድን እየተበተኑ ሮጡ፤ መትረየሱም ከዚህ ግባ የሚባል ሥራ ሳይሠራ ወታደሮቹ ተመለሱ። አውስትራሊያውያን እስከ ዛሬ «የኢሙ ጦርነት» እያሉ ይሥቁበታል። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻይና ድንቢጥን ከአራቱ ተባዮች አንዷ አድርጋ ሕዝቡን ሁሉ አዘመተችባት። ድንቢጦቹ አለቁ፤ ነገር ግን ድንቢጥ ትበላው የነበረው ነፍሳት ተራባና ሰብሉን ፈጀው። በ1960 እ.ኤ.አ. ድንቢጥ ከዝርዝሩ ተፍቃ በምትኳ ትኋን ገባች።

ወደ እኛ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ግን የጋና ታሪክ ነው። በዚያች አገር ከብዙ ጥብቅ ሥፍራዎች አንበሳና ነብር እየጠፉ ሲሄዱ የዝንጀሮ ቁጥር እጅግ ጨመረ። ዝንጀሮው ወደ እርሻ ወረደ፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት እየቀሩ ሰብል ጠባቂ ሆኑ። ነብር ዝንጀሮንና የዱር አሳማን እያደነ የሚኖር አውሬ ነው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ የሌሊት ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ነብሩን ለቆዳው ብለን ገድለን ዝንጀሮ በዛብን ብንል፣ ዘበኛውን አባርሮ ሌባ ገባብኝ እንደሚል ሰው መሆናችን ነው።

«ተባይ» የሚለውም ስም ቢሆን በጥንቃቄ የሚሰጥ መሆን አለበት። በጅማ ዙሪያ ባሉት ጫካዎች የቡቱርሊኒ ሰማያዊ ጦጣ የምትባል፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማትገኝ፣ ቁጥሯም እየተመናመነ የሄደ ጦጣ አለች። ቸኩሎ የሚተኩስ ሰው ይህችን ከተራው ጦጣ አይለያትም። ጥርኝም እንዲሁ ነው። የዶሮ ሌባ ተብሎ ይጠላል፤ ግን ዝባዱ ከጥንት ጀምሮ በዓለም ገበያ ሲሸጥ የኖረ ሀብታችን ነው፤ ቀይ የቡና ፍሬ እየበላም ዘሩን በየጫካው ይበትናል። እንግዲህ ጥርኝ ተባይ ነው ወይስ የቡና ዘሪ? መልሱ የሚገኘው በአፈ ሙዝ ሳይሆን በዕውቀት ነው።

ስለ ክብር በጀመርነው ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብን። ከጅማ ቀጥሎ ባለው በከፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። አደንና የጫካ ኑሮ ከአባቶቻቸው የወረሱት ሙያ ነው። የአሳማውን ዱካ፣ የዝንጀሮውን መንገድ እንደ እነርሱ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌላው የማይበላውን የአውሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባሉ ከማኅበርና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። አንበሳ የገደለው ሲሸለም፣ ማሳ የሚያጠፋውን አሳማ የሚያድነው ሲናቅ የኖረበት ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። የተማረው ወጣት ስለ አገር ዕድገት ሲናገር እንዲህ ያለውን ንቀት ከሥሩ መንቀል ከሥራዎቹ አንዱ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ሙያ ያለው ሰው በሙያው ሲከበር አገር ይጠቀማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በየወረዳው ለተመደቡትና ነገም ለሚመደቡት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ጥበቃው የጋራ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ለእርሻና ለቤት ሥራ ደቦ የሚወጣው ሕዝብ ለጥበቃም ደቦ መውጣት አያቅተውም። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች ተራ ቢያወጡ፣ አሥር ሰው በአሥር ማማ ከሚያድር ሦስት ሰው በሦስት ማማ ሊበቃ ይችላል። ተራው ግን ለዐዋቂዎች ብቻ ይሁን፤ በትምህርት ቀን ልጅ ማማ ላይ እንዳይወጣ ሽማግሌዎች ይስማሙበት። የቀበሌው ሹምና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያስፈጽሙ ትልቅ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የማሳው አቀማመጥ ይታሰብበት። ዝንጀሮ የሚጓጓለት በቆሎ በጫካው አፋፍ ላይ፣ የማይጓጓለት በርበሬ ደግሞ በቤት አጠገብ ተዘርቶ የሚታይበት ቦታ አለ። ይህ ቢገለበጥ ሰውና ውሻ ሁልጊዜ ያሉበት ደጃፍ ለበቆሎው አጥር ይሆንለታል። ገበሬው ይህን አያውቅም ማለታችን አይደለም፤ መሬቱ ጠብቦት ነው። ስለዚህ የግብርና ሠራተኛው ከጎረቤት ጋር አስማምቶ፣ ቦታ አለዋውጦ፣ በጋራ እንዲተከል ሊረዳው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ይጻፍ። በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው አውሬ፣ ስንት ማሳ ጠፋ? ይህ በመዝገብ ካልገባ ገበሬው እያለቀሰ ይኖራል፣ ጽሕፈት ቤቱም ምንም እንዳልሆነ ሪፖርት ይጽፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በቆሎው ካለቀ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም አይጠቅምም። መዝገቡ በሐምሌ ተከፍቶ ዝግጅቱ ከእሸቱ በፊት ማለቅ አለበት። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ለዚህ ይበቃል፤ በጀት አልተመደበም የሚባልበት ሥራ አይደለም።

አራተኛ፣ ጠመንጃው የግል ሳይሆን የማኅበር ይሁን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በጃፓን እርዳታ በበለጠ ጌራ ደን የተጀመሩት የደን አስተዳደር ማኅበራት ገበሬው ደኑን እየጠበቀ ከቡናው እንዲጠቀም መንገድ ከፍተዋል። የዚህ ዓይነት ማኅበር ባለበት ሁሉ የዱር እንስሳትና የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ተስማምተው፣ በሕግ ፈቃድ፣ ለተወሰነ ጊዜና ለተለየ አውሬ ብቻ፣ የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች እንዲመደቡ ቢያጠኑት እንመክራለን። ጠመንጃው በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ጥይት ሲወጣ ይፈረምበት፤ ባዶው ቀለህ ተመልሶ ይቆጠር። ለአውሬው የሚመጥነውን መሣሪያ የሚወስነውም የባለሙያ ምክር እንጂ የተኳሹ ፍቅር አይሁን። ለዚህ ሥራ የሚመረጡትም ዱካ የሚያውቁት፣ ቸኩለው የማይተኩሱት፣ እስከ ዛሬ የተናቁት አዳኞች ቢሆኑ ሁለት ጥቅም በአንድ ጊዜ ይገኛል።

አምስተኛ፣ ጠመንጃ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሣሪያ አይሁን። ዝንጀሮ ብልህ አውሬ ነው፤ ባዶ እጁን ያለውንና መሣሪያ የያዘውን ሰው ለይቶ ያውቃል ይላሉ ገበሬዎች። የሚሰለቸውም የማያቋርጥ ጥበቃ ሲያይ ነው። በአንድ ጥይት ዛሬ ቢባረር ነገ ማማው ባዶ መሆኑን አይቶ ይመለሳል። አጥሩ፣ ውሻው፣ እሳቱና የሰው ዓይን ሳይጓደሉ ሲገኙ ግን ወደ ጫካ ፍሬው መመለስ ይመርጣል።

አንዳንድ አንባቢዎች «ይህ ሁሉ ለዝንጀሮ ነውን? አገሪቱ ስንት ትልቅ ጉዳይ አላት» ይሉ ይሆናል። በበኩላችን ጉዳዩ ትንሽ አይመስለንም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችል የነበረ ልጅ በወንጭፍ ምክንያት ሦስተኛ ክፍል ላይ ቢቀር፣ ያ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዓለም ሁሉ ጠዋት የሚጠጣው ቡና የተገኘበት ጫካ «የአሳማ ዋሻ» ተብሎ ቢመነጠር፣ ያም ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ሹም «ደኑን ጠብቁ» የሚል ሰሌዳ በጫካው ዳር ከመትከሉ በፊት፣ ከሰሌዳው ማዶ ያለውን በቆሎ ማን እንደሚጠብቅ መጠየቅ አለበት። ያን ጥያቄ ሳይመልስ የሚተክለው ሰሌዳ የዝንጀሮ መቀመጫ ከመሆን አያልፍም።

የተኩስ ጥበብ ለሚወዱት ወጣቶችም የምንለው አለን። ትዕግሥቱን ውደዱት፤ አንድ ጊዜ አነጣጥሮ አንድ ጊዜ መምታትን ውደዱት፤ መሣሪያውንም በሕግ ያዙት። የጀግንነት ሚዛን ግን የአውሬው ትልቅነት ወይም የጠመንጃው ጩኸት አይሁን። ማታ ማታ በብርድ ተቀምጦ ቆርቆሮ እየመታ የቤተሰቡን እንጀራ የሚያሳድር ሰው ፎክሮ አያውቅም፤ የፎከረለትም የለም። ለእርሱ የሚገባው ክብር ቀረርቶ ሳይሆን ተራ የሚገባለት ጎረቤት፣ መዝገብ የሚይዝለት ሹምና በመስከረም ወር ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው።